ከዓይን ኦፕራሲዮን በኋላ ምን ይበላል? ቅቤው ሳህን ላይ ይሁን፣ አናት ላይ አይሁን



"እናቴ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ሆና ቤት ገብታለች፣ ምን ትብላ?" የሚለው ጥያቄ በተለይ የዓይን ሕክምና ዘመቻ ባለበት ሰሞን ኢንቦክሳችንን ይሞላዋል። ተከትሎት የሚመጣው ደግሞ "ምን አትብላ?" ነው። እንዲያውም ይሄኛው ይበዛል። ጠያቂ ሁሉ የየራሱን ክልከላ ይዞ ነው የሚገባው፦ ቅቤ ቁስል ያመረቅዛል፣ እንቁላል ያሳክካል፣ ሥጋ ያሳብጣል፣ ጎመን ይነፋል፣ ወተት ዓይን ላይ መግል ያመጣል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ሲያልቅ ለታማሚዋ የሚተርፋት ደረቅ ቆጮና ሻይ ነው።

አጭሩን መልስ መጀመሪያ እንስጣችሁ፣ ዳታው ያለቀበት ይቺን አንብቦ ይውጣ። ለዓይን ኦፕራሲዮን ተብሎ ለብቻው የሚከለከል ምግብ የለም። ሰውየው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይበላ የነበረውን ይብላ፤ አቅም ካለ ደግሞ ከዚያ የተሻለ። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ለነዚያ በሽታዎች የታዘዘለትን አመጋገብ ይቀጥል። የተሠራን ዓይን የሚያበላሸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በአፍ የሚገባ አይደለም። በእጅ ነው የሚገባው። ጊዜ ያላችሁ አብራችሁን ቆዩ።

የትኛው ኦፕራሲዮን?

ሆሳዕናም በሉት ዱራሜ ወይም ሾኔ፣ ሰው "ዓይኔን ተሠራሁ" ሲል ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው።

አንደኛው የዓይን ሞራ ነው። ዓይናችን ውስጥ የካሜራ ሌንስ የሚመስል ጥርት ያለ አካል አለ። ዕድሜ ሲገፋ ውስጡ ያለው ፕሮቲን እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይደፈርሳል፣ ብርሃን አላሳልፍ ይላል። ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካበታል። ቀዳዳው በሚሊሜትር የሚለካ ነው፣ በአብዛኛው ስፌት እንኳ አይፈልግም፣ ሥራውም ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሁለተኛው ትራኮማ ያመጣው ችግር ነው። በሽታው ለዓመታት ተደጋግሞ የዓይን ሽፋኑን ከውስጥ ያጠባስሰዋል፣ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። ኦፕራሲዮኑ ሽፋኑን መልሶ ወደ ውጭ ያዞረዋል። እዚህ ላይ ስፌት አለ።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደሆነ አሳይቶ ነበር። ከነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው፤ ከ11 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ደግሞ ትራኮማ። ሞራን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ይቻላል፣ ትራኮማን ደግሞ በጊዜ መከላከል ይቻላል። ስለዚህ እናታችሁ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልም ይሁን ቡታጅራ ግራርቤት ሄዳ፣ ወይም በዘመቻ ተሠርታ ከመጣች ትልቁ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው። ቀጣዮቹ አራት ሳምንታት ግን የቤተሰብ ናቸው።

ስሙም ሳያሳስት አይቀርም

በሽታውን "ሞራ" ብለን ስንጠራው የበጉ ሆድ ውስጥ ያለው ነጭ ስብ ነው ትዝ የሚለን። ከዚያ ወደ "ቅባት የበላ ሞራው ይመለስበታል" ለመሄድ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚቀረው። በሞራውና በቅቤው መካከል ግን ምንም ዝምድና የለም። የደፈረሰው ሌንስ ስብ አይደለም፣ ወጥቶ ተጥሏል፣ የገባውም ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሠራሽ ሌንስ ሞራ አያወጣም። አንዳንድ ሰው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ጭጋግ ይልበታል። ያ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ሲደፈርስ ነው፣ በሌዘር በአጭር ጊዜ ይስተካከላል። አተካና ስለበላ የመጣ ነገር አይደለም።

አተካናን ካነሳን አይቀር፣ የሀዲያ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ ለማታውቁት፦ ቡላ፣ ወተትና ቅቤ ተዋህደው የሚሠራ የያሆዴ ምግብ ነው። ከያሆዴ በፊት ዓይናቸውን ተሠርተው ቤት የገቡ አባት በበዓሉ ቀን ሰሃኑ ዘሏቸው ቢያልፍ ማንንም አይጠቅምም። ይብሉ።

ቆጮው ጥሩ ነው፣ ብቻውን ሲሆን ነው ችግሩ

ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው። በዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን የሚሠራው ቀዳዳ ትንሽ ስለሆነ "ይህን ካልበላች ዓይኗ አይድንም" ብለን አናጋንንም፤ የዕይታው ውጤት በምግብ አይወሰንም። ግን ልብ በሉ፦ የምናወራው በአብዛኛው ስለ 60 እና 70 ዓመት ሰው ነው። ለዓመታት ሳያዩ ቤት የተቀመጡ፣ የሰጧቸውን ብቻ የሚበሉ፣ ብዙ ጊዜም ቀድመው የከሱ ናቸው። እነሱ ላይ ለአንድ ወር እንቁላልና ወተት መከልከል ሰውነታቸውን ይጎዳል። ደካማ ሰውነት ኢንፌክሽን ሲመጣ አይቋቋምም፣ ቶሎም ይወድቃል፤ የተሠራ ዓይን ደግሞ መመታት አይወድም።

እንሰት የዚህ አገር ጉልበት ነው፣ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ቆጮ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ስታርች ነው፤ 100 ግራም ቆጮ የሚይዘው ፕሮቲን ከ1 እስከ 2 ግራም አካባቢ ቢሆን ነው። ቡላ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ቫይታሚን ኤ እንደሌለው ቁጠሩት። 50 ኪሎ የሚመዝኑ አያት በቀን ቢያንስ 50 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። ይሄን ከቆጮ ብቻ ለማግኘት በኪሎ መብላት ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ከምን ጋር?" ነው መሆን ያለበት። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ። 100 ግራም የበሰለ ባቄላ ወይም ምስር ከ7 እስከ 9። አይብ፣ ሽሮ፣ አተር ክክ ሁሉም ይሠራሉ። እንቁላልና ወተት የሚሸጥበት ቤት ከሆነ፣ ለአንድ ወር ሁለቱ እንቁላሎች ገበያ አይውጡ።

ጎመን በአይብ አድርጎ ከቆጮ ጋር ማቅረብን አያቶቻችን ያለ ኒውትሪሽን ትምህርት የደረሱበት ነገር ነው፣ ከዚያ የተሻለ አሁንም አልመጣም። ጎመኑ ውስጥ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ንጥረ ነገር አለ፣ ይሄ ንጥረ ነገር ደግሞ በደንብ የሚዋሃደን ቅባት ሲያገኝ ነው። ያ የተከለከለው ቅቤ እዚህ ጋ ሥራ አለው። ብርቱካናማው ስኳር ድንች፣ ካሮት፣ ዱባና ፓፓያም እንደዚሁ ናቸው። ለቫይታሚን ሲ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን።

ስለ ካሮት አንድ ነገር። "ካሮት ዓይን ያበራል" የሚለው አባባል በዓለም ላይ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት የጦርነት ወሬ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የጀርመን አውሮፕላኖችን በሌሊት ሲመቱ አብራሪዎቻችን ካሮት ስለሚበሉ ነው ብለው አስወሩ፤ ራዳር እንዳላቸው መደበቂያ ነበር። ካሮት ቫይታሚን ኤ የጎደለውን ሰው ይረዳል። ሞራ ግን አይገፍም፣ ያንን የሚያደርገው ሐኪሙ ብቻ ነው።

ድርቀትም አለ። ቤት ተቀምጦ፣ ውሃ ሳይጠጡ፣ ገንፎና ቡላ ብቻ ሲበሉ ሆድ ይደርቃል። ሽንት ቤት ገብቶ ማማጥ ደግሞ ዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይፈለግም። ውሃ፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ፣ የተልባ ውሃ። እዚህ ጋ አያቶች ከኛ ይበልጣሉ፣ ጠይቋቸው።

ማን ያብስል?

ይሄ ርዕስ የምግብ አይመስልም፣ እኛ ግን ዋናው እሱ ነው እንላለን።

በትራኮማ ምክንያት የዓይን ፀጉራቸው የሚታጠፍባቸው ሴቶች ከወንዶች ይበልጣሉ፤ ሕፃናትን አቅፈው የሚውሉት እነሱ ስለሆኑ በሽታው በተደጋጋሚ ይይዛቸዋል። ስለዚህ በብዙ ቤት ታማሚዋና ምግብ አብሳይዋ አንድ ሰው ናቸው። ኦፕራሲዮን ሆና በመጣች በማግስቱ እሳቱ ላይ አጎንብሳ፣ ጭስ ፊቷን እየመታው፣ ከጓሮ እንሰት ስትፍቅ ትገኛለች። እንሰት መፍቅ ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈልግ ያየ ያውቃል፤ ማጎንበስ፣ መግፋት፣ መጭመቅ። ሐኪም "ከባድ ነገር እንዳታነሺ፣ አታጎንብሺ" ሲላት ውሃ መቅዳቱም፣ እንሰት መፋቁም፣ ምጣዱም ውስጡ አሉ፣ ግን ማንም አብራርቶ አይነግራትም።

እናም ይሄን የምታነቡ ወንድሞች፣ ስልኩን አስቀምጡና ሽሮ ሥሩ። ከምራችን ነው። ጎረቤት ምግብ ይዞ ሲመጣም "ቅባት አታብሏት" የሚለውን ምክር ትታችሁ ወጡን ተቀበሉ። አንድ ወር ሙሉ ባይሆን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከምድጃው ትራቅ። ማታ የቡናውን ጭስና ዕጣኑን ደጅ አድርጉት። ቡናውን ትጠጣ፣ ቡና ምንም አላደረገም።

ከእጅ ወደ ዓይን

አሁን ወደ እውነተኛው ክልከላ መጣን።

ቅቤ፦ ይበላ፣ አናት ላይ ግን አይቀባ። "ታማለች፣ ትለስልስ" ተብሎ አናቷ ላይ ቅቤ ጣል ይደረጋል። ፀሐይ ሲነካው ቀልጦ በግንባር ወርዶ ዓይን ውስጥ ይገባል። አዲስ ቀዳዳ ላለው ዓይን ይሄ ባክቴሪያን በራስ እጅ እንደማስገባት ነው። ሐኪሙ እስኪፈቅድ አናት ላይ ቅቤ የለም፣ ፀጉር መታጠብም ሐኪሙ ባለው ቀን ብቻ፣ ያውም ወደ ኋላ ተጋድሞ።

ሚጥሚጣና ቃሪያ፦ መብላቱ ዓይንን አይጎዳም። ችግሩ በእጃችን መብላታችን ነው። ክትፎ የበላ እጅ በውሃ ብቻ ተነክሮ ዓይን ከነካ ለጤነኛውም ዓይን መከራ ነው። ከመብላት በፊትም በኋላም፣ ጠብታ ከመደረጉም በፊት በሳሙና መታጠብ። ይሄ ጠብታውን የምታደርጉላትን እናንተንም ይመለከታል። የጠብታው ጫፍ ዓይኑንም ሽፋኑንም እንዳይነካ።

ማር፣ የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ጠበል ቢሆን እንኳ፦ ማሩና ወተቱ ይጠጡ፣ ወደ ዓይን ግን ምንም አይግባ። እምነት ያላችሁ ጠበሉን በመጠጣት ተጠቀሙ፣ ዓይኑን ማጠቡ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። ከሐኪም ጠብታ በቀር ዓይኑ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም።

ጥሬ ሥጋም ለዚህ ወር ይቅር። ዓይንን በቀጥታ ስለሚጎዳ አይደለም፤ ሆድ ሲበላሽ ትውከትና ተቅማጥ ስለሚመጣ ነው። አረቄም ይቅር፣ ሰክሮ የወደቀ ሰው ዓይኑን ይመታል።

ስኳር ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ

ለታማሚ ምን ይዘን እንሄዳለን? ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ጁስ፣ ማር። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ይሄ ጥየቃ አይሆንም። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ቁስል ይዘገያል፣ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድልም ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ምግብና የተሠራ ዓይን በቀጥታ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ በሰዓቱ እየበላ፣ ለስላሳው ለልጆች ይሰጥ (እነሱም ቢቀርባቸው ጥሩ ነበር)። ጠያቂዎች፣ ከአንድ ሳጥን ሚሪንዳ አንድ ደርዘን እንቁላል ይሻላል።

ጾምስ?

ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጾም ጸሎት የሚይዘው ፕሮቴስታንትም ይጠይቁናል። በሁሉም ዘንድ ለታማሚ የሚሰጥ ፈቃድ አለ፣ የንስሐ አባታችሁን፣ ኢማማችሁን ወይም መጋቢያችሁን ጠይቁ። ሁለት ነገር ብቻ እንጨምር። ጾም ላይ ያሉ አዛውንት ጠብታውን "ጾሜን ያፈርሳል" ብለው እስከ ማታ ካቆዩት ችግር ነው፤ ጠብታው በቀን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በምክንያት ነው። ለሙስሊም ቤተሰቦቻችን፣ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. የዓይን ጠብታ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። የፍስክ ምግብ አልበላም የሚሉ እናት ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሱፍና ጎመን በዘይት ቢያገኙ ፕሮቲናቸው አይጎድልም። የሚጎዳቸው ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ መዋል ነው፣ በተለይ ክኒን የሚውጡ ከሆነ።

ክኒን ካልን፦ የዓይን ፀጉራቸው ታጥፎ የተሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አዚትሮማይሲን የሚባል መድኃኒት አንዴ ይሰጣቸዋል። ይሄ ነገር እዚሁ ጎረቤት ወላይታ ላይ የተፈተሸ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከ1,400 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ፣ አንዴ የተዋጠው መድኃኒት ለሳምንታት ከሚቀባው የዓይን ቅባት ጋር ሲነጻጸር ፀጉሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶ የመታጠፍ ዕድሉን በሲሶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። መድኃኒቱ ሆድ ሊረብሽ ይችላል፣ ቀለል ያለ ነገር ቀምሰው ቢውጡት ይሻላል።

የተሠራው ልጅ ከሆነ

ልጆች ሙሉ ማደንዘዣ ስለሚሰጣቸው ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚጾሙት ሰዓት አለ። በአብዛኛው ምግብ ከ6 ሰዓት በፊት፣ የጡት ወተት ከ4 ሰዓት በፊት፣ ንጹህ ውሃ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማል። ሆስፒታሉ የነገራችሁ ከዚህ ከተለየ የሆስፒታሉን ያዙ። አዝናችሁ "ትንሽ ገንፎ ትቅመስ" ብትሉ ማደንዘዣ ላይ እያለች ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ደግሞ ምግብ በእርግጥ ዓይን የሚያድነው ልጆች ላይ ነው። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ልጅ መጀመሪያ ሲመሽ አላይ ይላል፣ ከዚያ ብሌኑ ይደርቃል፣ ኩፍኝ ከተጨመረበት በቀናት ውስጥ ሊታወር ይችላል። ለዚህ ነው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በየ6 ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ በአፍ የሚሰጠው። ጤና ኤክስቴንሽኗ ስትመጣ ታናሽ ወንድማችሁን አትደብቁት።

መቼ ነው መሮጥ ያለባችሁ?

ከኦፕራሲዮን በኋላ ትንሽ መቆርቆርና እንባ ያለ ነገር ነው። ሕመሙ እየቀነሰ መሄዱን ትቶ ከጨመረ፣ ትናንት ታይ የነበረችው ዛሬ ከደበዘዘባት፣ ዓይኑ ይበልጥ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ ያው ቀን ወደ ሠራት ሆስፒታል ውሰዷት። "ትናንት የበላችው ሥጋ ነው፣ ይለፍላት" ብሎ ማደር ዓይን ያሳጣል፤ ዓይን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በሰዓታት ልዩነት ነው የሚያበላሸው። የምግብ ክልከላው ትልቁ ጉዳትም ይሄ ይመስለናል። ሁሉም ሰው ጥፋቱን ድስት ውስጥ ሲፈልግ ዓይኑን የሚያየው ይጠፋል።

ጠብታው ብዙ ጊዜ ለ4 ሳምንታት ይቆያል፣ ሰዓቱም እየተቀያየረ ይሄዳል። ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ይሄን ወረቀት ላይ በተጻፈ ትዕዛዝ ሊከታተሉት አይችሉም። ስልካችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ጠብታ አላርም ሙሉ፣ ለቀጠሮውም ቀን እንዲሁ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከሆነ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ይቆይ፣ አንዱ ሌላውን እንዳያጥበው። የጠብታው ሰዓት ከምሳ ጋር ከገጠመ ጠብታው ይቅደም፤ እጃችሁ ከወጡ በፊት ንጹህ ነው።